የቤት ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው፡- ኤሌክትሪክ የሚቆጥቡ ዕቃዎችን እንዴት እንምረጥ?

እንደሚታወቀው በእስራኤል የኤሌክትሪክ ሂሳብ ወደ ቤታችን የሚመጣው በየሁለት ወሩ ነው። በሀገር ቤት ማገዶ ለቅመን በምናበስልበት ጊዜ ስንት እንጨት እንደነደደ በዓይናችን እናይ ነበር። ኤሌክትሪክ ግን ሲነድ አይታይም፣ ጢስም የለውም። ምን ያህል እንደነደደ የምናውቀው ከሁለት ወር በኋላ ፖስታውን ስንከፍት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የነደደው ነዷል፤ መክፈል ብቻ ይቀራል።

እኛ በማህበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ዕዳ የገባባቸውን ቤተሰቦች ወጪ አብረን ስንቆጥር ደጋግመን የምናየው አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ፍሪጅ ወይም ማሞቂያ ሲገዛ የሚያየው ሱቁ የለጠፈበትን ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በሱቅ አንድ ጊዜ የምንከፍለው ነው። ሁለተኛው ዕቃው ቤታችን እስካለ ድረስ፣ 10 ወይም 15 ዓመትም ቢሆን፣ ለኤሌክትሪክ የምንከፍለው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ዋጋ እንነጋገራለን።

1. በመጀመሪያ መቁጠርን እንወቅ

በእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ወይም ሥር ላይ "ዋት" የሚል ቁጥር ተጽፏል። ይህ ዕቃው ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ነው። የምንከፍለው ግን በዋት ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በዕብራይስጥ ባጭሩ "ኮታሽ" ይባላል። 1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ከሠራ 1 ኮታሽ ፈጀ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዋቱን በሰዓት ማባዛት፣ ለ1000 ማካፈል፣ ከዚያ በአንድ ኮታሽ ዋጋ ማባዛት። የአንድ ኮታሽ ዋጋ በየጊዜው ይለወጣል። በ2025 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ማአምን ጨምሮ ከ60 አጎሮት ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። እኛ ለስሌት እንዲቀል በ60 አጎሮት እንቆጥራለን፤ እናንተ ግን ትክክለኛውን ዋጋ ከራሳችሁ ሂሳብ ላይ ተመልከቱ።

ምሳሌ፡- 2000 ዋት የሆነ የክረምት ማሞቂያ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 10 ኮታሽ ይፈጃል፤ ይህም 6 ሸቀል ነው። በአንድ ወር 180 ሸቀል፣ በሁለት ወሩ ሂሳብ ላይ ደግሞ 360 ሸቀል ይሆናል። ማሞቂያው ራሱ ከ200 ሸቀል በታች የተገዛ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ዕቃ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

2. የኃይል ታቪት ምን ይነግረናል?

በሱቅ ውስጥ ፍሪጅ፣ መዝጋን፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ይህ የኃይል ታቪት ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በላቲን ፊደልና በቀለም የተሠራ ነው። አረንጓዴውና "ኤ" የሚለው ፊደል ቆጣቢ ማለት ነው። ወደ ታች እየወረደ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ቀይና "ጂ" ይሆናል፤ ይህ ብዙ የሚበላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ሕብረት ከመጋቢት (ማርስ) 2021 ጀምሮ የፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የዕቃ ማጠቢያና የቴሌቪዥን ደረጃ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ቀድሞ "ኤ" ሆኖ ሦስት የመደመር ምልክት የነበረው ፍሪጅ በአዲሱ ሚዛን "ዲ" ወይም "ኢ" ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ታቪት ያለውን ዕቃ አዲስ ታቪት ካለው ጋር በፊደል ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

የማያሳስተው በታቪቱ ላይ የተጻፈው የኮታሽ ቁጥር ነው። ለፍሪጅ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ዓመት የሚፈጀው ነው። በአዲሱ የአውሮፓ ታቪት ለልብስ ማጠቢያ የ100 አጠባ፣ ለቴሌቪዥን ደግሞ የ1000 ሰዓት ፍጆታ ይጻፋል። ሻጩን "ይህ ቁጥር የስንት ጊዜ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

3. ፍሪጅ

ፍሪጅ በቀን 24 ሰዓት፣ በዓመት 365 ቀን ከኤሌክትሪክ የማይነቀል ዕቃ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስሌት የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ለምሳሌ ሁለት ፍሪጆች አሉ እንበል። አንዱ 2000 ሸቀል ሆኖ በዓመት 550 ኮታሽ ይበላል። ሌላው 2400 ሸቀል ሆኖ 350 ኮታሽ ይበላል። ልዩነቱ በዓመት 200 ኮታሽ፣ ማለትም 120 ሸቀል ነው። ጨምረን የከፈልነው 400 ሸቀል በሦስት ዓመት ከአራት ወር ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው።

ከሰው የተገኘ ወይም በርካሽ የተገዛ አሮጌ ፍሪጅም በዚሁ መንገድ ይመዘን። የበሩ ጎማ የላላ፣ ሞተሩ የማያርፍ ፍሪጅ በነፃ ቢሰጥም እንኳ ነፃ አይደለም። ጎማውን ለመፈተን በሩ መሐል ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉ። ወረቀቱ ሳይያዝ ወደ ውጭ ከተሳበ ብርዱ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ብዙ ቤተሰቦቻችን እንጀራና ሥጋ ለማስቀመጥ፣ በተለይ ለበዓልና ለድግስ፣ ሁለተኛ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር በሚርፔሴት ላይ ያኖራሉ። ፀሐይ የሚመታው ፍሪዘር ብዙ ይሠራል፣ ብዙም ይበላል። ጥላ ወዳለበት አዛውሩት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አራርቁት። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ለድግስ ጊዜ ብቻ ማብራት ይሻላል። ሙቀቱም ለፍሪጅ 4 ዲግሪ፣ ለፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይበቃል።

4. መዝጋንና የክረምት ማሞቂያ

ብዙ ሰው መዝጋን ለበጋ፣ ማሞቂያ ለክረምት ነው ብሎ ያስባል። እንዲያውም መዝጋን በክረምት ከሁሉም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይረክሳል። ምክንያቱ ይህ ነው፡- በሽቦ የሚሞቀው ማሞቂያም ሆነ ዘይት ያለበት ራዲያተር 1 ኮታሽ በልቶ የ1 ኮታሽ ሙቀት ይሰጣል። መዝጋን ግን ሙቀቱን ራሱ አይሠራም፤ ከውጭ አየር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ 1 ኮታሽ በልቶ የ3 ወይም ከዚያ በላይ ኮታሽ ሙቀት ይሰጣል። ከላይ የቆጠርነው የወር 180 ሸቀል በመዝጋን ወደ 60 ሸቀል ይወርዳል ማለት ነው።

መዝጋን ስንገዛ ሦስት ነገር እናይ። አንደኛ፣ "ኢንቨርተር" የሚባለው ዓይነት ሞተሩን እየቀነሰና እየጨመረ ስለሚሠራ ለረጅም ሰዓት ለሚበራ ቤት ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ በመዝጋኑ ስም ላይ ያለው ቁጥር የኃይሉ መጠን ላይሆን ይችላል። ትክክለኛውን የ"ቢ ቲ ዩ" ቁጥር ከታቪቱ ወይም ከመመሪያው ላይ እዩ። ሦስተኛ፣ ለክፍሉ የሚበቃውን ምረጡ። ትንሹ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ያለ ልክ የገዘፈውም በከንቱ ይከፈልበታል።

በበጋ 24 ወይም 25 ዲግሪ፣ በክረምት ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃል። መዝጋኑን 16 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ረጅም ሰዓት እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። ማጣሪያውንም በየጊዜው በውሃ ማጠብ አይረሳ።

ከወጪ በላይ የሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቤት ለማሞቅ ብሎ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ለቡናም ቢሆን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድ፣ ሳይጠፋም ወደ መኝታ ክፍል አይግባ።

5. ዱድ ሼሜሽ

እስራኤል ከ1980 ጀምሮ በአዳዲስ የመኖሪያ ቤቶች ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲተከል በሕግ አስገድዳለች። ስለዚህ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሞቀ ውሃ በነፃ እናገኛለን። ሂሳቡን የሚያሳድገው የዱዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ተረስቶ ሲያድር ነው።

150 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 7 ኮታሽ፣ ማለትም 4 ሸቀል ከ20 አጎሮት ያህል ይፈጃል። በየቀኑ ከሆነ በወር ከ120 ሸቀል ያልፋል። በበጋ ማብሪያውን ጨርሶ አለመንካት ይቻላል። በክረምት ደግሞ ደመና በሆነ ቀን ከመታጠብ በፊት ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ማብራት ይበቃል። የሚረሳ ሰው ካለ ሰዓት ያለው ማብሪያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተከልለት።

ፀሐይ እያለ ውሃው የማይሞቅ ከሆነ ጣሪያ ላይ ያለው መስታወት ቆሽሾ ወይም ተሰብሮ፣ ወይም ቧንቧው ደለል ይዞ ሊሆን ይችላል። ተከራይ የሆነ ሰው ለቤቱ ባለቤት፣ በመንግሥት ቤት የሚኖር ደግሞ ቤቱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ያስታውቅ። "በኤሌክትሪክ ይሞቃል እኮ" ብሎ ዝም ማለት የሌላውን ጥገና ከራስ ኪስ መክፈል ነው።

6. የእንጀራ ምጣድ

ስለዚህ ዕቃ በዕብራይስጥ የተጻፈ ምክር አይገኝም፤ በቤታችን ግን ከሁሉም የበለጠ ኃይል የሚወስድ እርሱ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ፣ አንዳንዱም ወደ 4000 ዋት የሚጠጋ ነው። በእስራኤል ተራ ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር፣ ማለትም 3680 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ትልቅ ምጣድ ተራውን ሶኬት እስከ ጫፉ ይወስደዋል፣ አልፎም ይሄዳል።

በብዙ አሮጌ አፓርታማዎች የመላው ቤት ኤሌክትሪክ 25 አምፔር ብቻ ነው፤ ይህ ወደ 5750 ዋት ነው። 3500 ዋት ምጣድና 2500 ዋት ዱድ አብረው ከበሩ 6000 ይሆናል። መብራቱ "ያለ ምክንያት" የሚጠፋው በዚህ ነው። ሳጥኑ መብራቱን ሲያጠፋ ከእሳት እየጠበቀን ስለሆነ ደጋግሞ ከመመለስ ይልቅ አንዱን ዕቃ እናጥፋ። ምጣድ በፍጹም በማራዘሚያ ገመድ አይሰካ። ሶኬቱ የሚግል ወይም የሚጠቁር ከሆነ ወዲያውኑ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ምጣድ ደግሞ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእስራኤል ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ስለሆነ ይቃጠላል። ከየትም ይምጣ ጀርባውን ሳያዩ አይሰኩት። እዚህ የምትገዙ ከሆነ የእስራኤል የደረጃዎች ተቋም ምልክት፣ "ታቭ ተቀን" የሚባለው፣ መኖሩን ተመልከቱ።

ወጪውን በተመለከተ፣ 3500 ዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢነድ 7 ኮታሽ፣ ማለትም 4 ሸቀል ከ20 ይፈጃል። እስኪግል ብቻ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ወደ 0.9 ኮታሽ በከንቱ ይሄዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር በዓመት ወደ 55 ሸቀል ያተርፋል። አክንባሎው የሚገጥም ይሁን፣ ሊጡም ምጣዱ ሳይሰካ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። መጨረሻ ላይ ያለውን ግለት ቆሎ ለመቁላት መጠቀም እናቶቻችን ድሮም የሚያውቁት ነው።

7. የሰንበት ፕላታ

አባቶቻችን በሀገር ቤት ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳት ያጠፉ ነበር፤ ምግቡም ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። እዚህ ብዙ ቤተሰብ ምግብ የሚያቆየው በፕላታ ነው። ፕላታ 25 ሰዓት ያህል ስለሚበራ ትንሽ የዋት ልዩነት ትልቅ ይሆናል። 500 ዋት የሆነው በአንድ ሰንበት 12.5 ኮታሽ፣ ማለትም 7 ሸቀል ተኩል ይበላል። በዓመት 390 ሸቀል ማለት ነው። 200 ዋት የሆነው ግን በሰንበት 3 ሸቀል፣ በዓመት 156 ሸቀል ነው። ለሁለት ድስት ለስድስት ድስት የተሠራ ፕላታ አያስፈልግም።

መብራትን በሰንበት ሰዓት ማስተካከል ይቻላል። የምትሰኩት ሰዓት ዕቃውን የሚችል መሆኑን ዋቱን አይታችሁ አረጋግጡ። መዝጋን ግን የራሱ ሰዓት ስላለው በእርሱ ይሠራ። ፕላታን በሰዓት ስለማጥፋትና ስለማብራት ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።

8. ልብስ ማጠቢያ፣ ማድረቂያና አምፖል

በልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትልቁን ኃይል የሚወስደው ውሃውን ማሞቅ ነው። ለተራ ልብስ 30 ወይም 40 ዲግሪ ይበቃል፤ ማሽኑ ሲሞላ ብቻ እናጥባለን። ማድረቂያ መግዛት የግድ ከሆነ "ማሽአቫት ሖም" የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ፤ ከተራው በግማሽ ያህል ይበላል። ይሁንና ከሁሉ የሚሻለው ማድረቂያ በሚርፔሴት ላይ ያለው ገመድ ነው።

አምፖልን በተመለከተ፣ 60 ዋት የነበረው አሮጌ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት ወደ 66 ሸቀል ይበላል። ያንኑ ብርሃን የሚሰጠው 9 ዋት የ"ኤል ኢ ዲ" አምፖል ግን ወደ 10 ሸቀል። አሁንም ጣሪያቸው ላይ የሃሎጅን አምፖል ያላቸው ሰዎች ብዙ የሚበራውን ክፍል አስቀድመው ይለውጡ።

9. ከሻጭ ጋር ስንነጋገር

"ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሂሳባችሁን በግማሽ ይቀንሳል" ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ሣጥን አለ። አትግዙ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ዕቃዎቻችን በእርግጥ የበሉትን ኮታሽ ነው፤ ሣጥኑ ፍሪጁንም ሆነ ዱዱን ትንሽ እንዲበሉ አያደርግም።

በስልክ ወይም በር አንኳኩቶ በመጣ ሻጭ የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ሕግ ይፈቅዳል። ከዚህም በላይ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ የአካል ጉዳተኛና ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሃዳሽ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ የገዛውን በ4 ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ዕቃው ብልሽት ከሌለው የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ይህን ብዙ ወላጆቻችን አያውቁም፤ ሻጩም አይነግራቸውም። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ሊመለስ የሚችለው ሳይሰካና ሳይሠራበት ስለሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ያዘዛችሁት ራሱ መሆኑን አረጋግጡ።

በ2012 የወጣው የኤሌክትሪክ ቆሻሻ ሕግ ደግሞ አዲስ ዕቃ የሚያመጣው ሻጭ ተመሳሳይ የሆነውን አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ እንዲወስድ ያዝዛል። ለዚህ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ። በክፍያ (በታሽሉሚም) የምትገዙ ከሆነ የወሩን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ድምር በወረቀት አስጽፉ።

10. የቅናሽ መብት

ከቢቱዋህ ሌኡሚ የእርጅና አበል ከሃሽላማት ሃህናሳ ጋር የሚቀበሉ ሰዎችና በሕጉ የተዘረዘሩ ሌሎች ባለመብቶች፣ ከእነዚህም አንዳንድ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ በየወሩ ከመጀመሪያው 400 ኮታሽ ላይ 50 በመቶ ቅናሽ አላቸው። በወላጆቻችሁ ሂሳብ ላይ "ሃናሃ" የሚል መስመር መኖሩን እዩ። ከሌለና መብቱ የሚገባቸው ከመሰላችሁ ወደ ቢቱዋህ ሌኡሚ ወይም ወደ ሄብራት ሃሽማል ደውሉ።

ከሐምሌ (ጁላይ) 2024 ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ ኤሌክትሪክ ከግል ኩባንያም መግዛት ይችላል። ሽቦውና ቆጣሪው አይለወጡም፤ የሚለወጠው ሂሳቡን የሚልከው ነው። ከመፈረም በፊት ቅናሹ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራና የ50 በመቶ መብት ያለው ሰው መብቱ እንደማይነካ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሂሳቡ ከአቅም በላይ የሆነበት ቤተሰብም ፖስታውን ሳይከፍት በመሳቢያ አያስቀምጥ። በጊዜ ከተጠየቀ በክፍያ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። በየከተማው ያለው የማህበራዊ አገልግሎት ቢሮም ለዚህ ነው የተቋቋመው።

በአጭሩ፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፡-

- በዓመት ስንት ኮታሽ ይበላል?
- መጠኑ ለቤተሰባችን የሚበቃ ነው ወይስ የሚተርፍ?
- የቤታችን ሶኬትና ሳጥን ይችለዋል?
- ጠቅላላ ዋጋው ከማድረሻና ከመትከያ ጋር ስንት ነው?
- አሮጌውን ማን ይወስደዋል?

በብዙ ቤት ሂሳብ የሚያነቡት ልጆች ናቸው። ይህ ሸክም በልጆች ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ማንበብ የምትችሉ ይህን ለማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ከሚቀጥለው ሂሳብ ጋርም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ኮታሹን ቁጠሩ። አንድ ጊዜ መቁጠር የለመደ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ሻጭ አያታልለውም።